ሣር የሸፈነው ገደል



መንገደኛ ከቤቱ ሳይወጣ ማሰብ የሚገባው ስለሚደርስበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ ስለሚመለስበት ሰዓትም ነው። አባቶቻችን ለሩቅ መንገድ ሲነሡ ስንቁን፥ በቅሎውን፥ የሚያድሩበትንም ቤት አስቀድመው ያሰናዱ ነበር። ዛሬ ግን ባቡርና አውቶሞቢል መንገዱን ስላሳጠሩልን፥ ለአንድ ቀን ጉዞ መሰናዳት እንደ ከንቱ ድካም ይቈጠራል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን እኔ ራሴ በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳር ተምሬ ስለ ተመለስሁ፥ ያየሁትን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እነሆ እጽፋለሁ። ከእናንተም ብዙዎቹ ለመንግሥት ሥራ ወይም ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ሎንዶን ስለሚሄዱ፥ አንድ ቀን ዕረፍት ያገኙ እንደ ሆነ ይህን መንገድ ይሄዱበት ይሆናል።

ከሎንዶን ቪክቶሪያ ከሚባለው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሄደ ሰው፥ በሉዊስ ባቡር ለውጦ ሲፎርድ ከምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ይደርሳል። ከርሷ ወደ ምሥራቅ እስከ ኢስትቦርን ከተማ ድረስ ያለው የእግር መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱም አብዛኛው በነጭ ገደል አናት ላይ፥ በአጭር ሣር መካከል ያልፋል፤ በስተ ቀኝ ባሕሩ፥ በስተ ግራ የበግ መሰማሪያው ይታያል። ከመካከሉ ተራ በተራ የተሰለፉ ጕብታዎች አሉ፤ እንግሊዞች «ሰባቱ እኅቶች» ይሏቸዋል። የመጀመሪያይቱ ከሁሉ ከፍ ያለች ስትሆን ከባሕር በላይ 77 ሜትር ናት። ከኢስትቦርን አጠገብ ያለው ቢቺ ሄድ የተባለው ገደል ግን 162 ሜትር ይሆናል፤ በብሪታንያ ካሉት በባሕር ዳር የቆሙ የጠመኔ ገደሎች ሁሉ ከፍተኛው እርሱ ነው።

የዚህ ገደል ድንጋይ ጠመኔ ነው። ከ80 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህ አገር ከባሕር በታች ሳለ፥ በዐይን የማይታዩ የጥቃቅን ሕያዋን ቅርፊት ከባሕሩ ወለል እየወረደ፥ እየተደራረበና እየረጋ ድንጋይ ሆነ። በነጩም መካከል ጥቁር ባልጩት በተርታ ተሰክቶ ይታያል። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ባሕሩ እግሩን እየበላ ባያፈርሰው ኖሮ ገደሉ ከጊዜ በኋላ ሣር ለብሶ አረንጓዴ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ንጣቱ የመፍረሱ ምልክት ነው። በ2016 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመ አንድ የሊቃውንት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የዚህ አገር ገደል በጥንት ዘመን በዓመት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር፤ ባለፉት 150 ዓመታት ግን ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ሸሽቷል። ይህም በየዓመቱ በልክ የሚሆን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ይቈይና አንድ ቀን በድንገት የቤት ያህል ሆኖ ይወርዳል።

በዚያው አገር ቤል ቱት የሚባል የባሕር መብራት ግንብ በ1832 በገደል አናት ላይ ተሠርቶ ነበር። ጉም በወረደ ጊዜ መብራቱ ለመርከበኞች ስለማይታያቸው በ1902 ከሥራ ወጣና በምትኩ ሌላ 43 ሜትር የሚሆን ግንብ ከታች ከባሕሩ ውስጥ ተተከለ። አሮጌው ግንብ መኖሪያ ቤት ሆኖ ሲኖር ገደሉ እየፈረሰ ወደ ግድግዳው ስለ ቀረበ፥ በ1999 መሐንዲሶች ሕንጻውን እንዳለ ከመሠረቱ አንሥተው 17 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፉት። የድንጋይ ግንብ እንኳ ሸሽቶ የዳነበት ስፍራ ነውና፥ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባው ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር እመለሳለሁ። በመስከረም ማለቂያ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ በሎንዶን የምትማረውን የታላቅ እኅቴን ልጅ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እርሷም ይህን መንገድ ልታሳየን አስባ፥ ሦስት ቀን አስቀድማ በአንዲት ወረቀት ላይ የቀኑን ሰዓት ሁሉ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቷን ባየሁ ጊዜ ደነቀኝ፤ የጻፈችው ከማታ ወደ ጧት ነበርና። በመጀመሪያው መስመር ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት፥ ከዚያ በታች ከኢስትቦርን የሚነሣውን ባቡር፥ ከዚያም ወደ ኋላ እየቈጠረች በየስፍራው መድረስ የሚገባንን ሰዓት አኑራለች። «ምነው ልጄ፥ መንገድ ከመነሻው ይጀመራል እንጂ ከመጨረሻው ይጀመራል ወይ?» ብላት፥ «ጋሼ፥ በዚህ አገር ቀኑ እንደኛ አገር እኩል አይደለም፤ መጨረሻውን ያላወቀ ሰው በጨለማ ገደል ላይ ይቀራል» አለችኝ።

ነገሩ እውነት ነው። በእኛ አገር ክረምትና በጋ ሳይል ፀሐይ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወጥታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ትገባለች። በዚያ ግን በሰኔ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ብርሃን ሲሆን፥ በታኅሣሥ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። እኛ በሄድንበት ወራት የምትገባው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበል። የእንግሊዝ የባቡር ሰሌዳ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቈጥር፥ 14 የሚለው ለእኛ ስምንት ሰዓት፥ 18 የሚለውም ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስድስት መቀነስ ነው። ከዚህም ሌላ በበጋቸው ወራት ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት፥ በክረምታቸው ደግሞ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ስለ ሆነ፥ የእጅ ሰዓቱን ሳያስተካክል የሚሄድ ሰው ባቡሩን በከንቱ ይጠብቃል።

የወረቀቷም ነገር እንዲህ ነበር፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከቪክቶሪያ መነሣት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲፎርድ መድረስ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ከኤክሲት ድልድይ መሻገር፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ቢርሊንግ ጋፕ መድረስ፤ ዐሥራ አንድ ተኩል ኢስትቦርን መግባት። ከግርጌውም በቀይ ቀለም «ቢርሊንግ ጋፕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከደረስን ወደ ፊት አንሄድም፤ ወደ ኢስት ዲን መንደር ወጥተን በአውቶቡስ እንገባለን» የሚል ቃል ነበረበት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የፈሪ ጽሑፍ መስሎኝ በልቤ ሳቅሁ።

በሲፎርድ ወርደን፥ በሶና ዳቦ ቆሎ የያዘ ስንቃችንን አንግተን ወደ ገደሉ ወጣን። ጥቂት እንደ ሄድን ሰባቱ እኅቶች ከማዶ በፀሐይ ተሰልፈው ሲታዩ፥ ልጄም እኔም ለብዙ ጊዜ ቃል ሳንናገር ቆምን። ዳሩ ግን በእኛና በእነርሱ መካከል ከክሚር የሚባል ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል፤ በአፉም ላይ ድልድይ የለውም። ድልድዩ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። እኔም ማዶው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ሆኖ ስላየሁት፥ «ይህንማ በእኛ አገር በበጋ ጫማ አውልቀን የምንሻገረው ነው» ብዬ እንቢ አልሁ። እርሷ ግን የባሕሩን የሙላትና የጕድለት ሰዓት አስቀድማ አይታ ነበርና፥ «ጋሼ፥ ውሃው የወንዝ ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ እየሞላ ወደ ውስጥ ይገፋዋል» አለችኝ። አላመንኋትም፤ እስከ ዳር ወርጄ አየሁ፤ ስጠብቅም ውሃው እየጨመረ የቆምሁበትን ጠጠር ሸፈነው። በዚህ ክርክር አንድ ሰዓት ጠፋ። በድልድዩ የተሻገርነው ከአምስት ተኩል ይልቅ በስድስት ተኩል ነበር።

ሰባቱን ጕብታዎች መውጣትና መውረድ ቀላል አይደለም፤ አንዷን ጨርሰህ ዕረፍት አገኘሁ ስትል ሌላይቱ ከፊትህ ትቆማለች። ነፋሱም ከባሕር በኀይል ይነፍሳል። በመጨረሻይቱ ጕብታ ላይ የልጄን ቆብ ነፋስ ነጥቆ ወደ አፋፉ ወሰደው፤ ልጁም ተከትሎ ሮጠ። የእኅቴ ልጅ ከኋላው ደርሳ በኮቱ አንገት ያዘችውና እየጮኸች ወደ ኋላ ጐተተችው፤ ቆቡም በዐይናችን ፊት ወደ ታች ሄደ። እኔም ልጁን በሰው ፊት ስለ ጮኸችበት ቅር ብሎኝ፥ «ከአፋፉ ገና አምስት ርምጃ ይቀረው ነበር፤ እኔ በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ ከብት እጠብቅ ነበር፤ ስለ ገደል አንቺ ታስተምሪኛለሽን?» አልኋት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ቢርሊንግ ጋፕ በደረስን ጊዜ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። በዚያ ስፍራ ገደሉ ዝቅ ስለሚል ወደ ባሕር የሚያወርድ ደረጃ አለ፤ ገደሉ ሲሸሽ እርሱም ይዘጋ ስለ ነበረ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እኛ ክፍት ሆኖ ስላገኘነው ወረድንና፥ ከገደሉ እግር ራቅ ብለን ቆመን ወደ መጣንበት ወደ ኋላ ተመለከትን። ያን ጊዜ ጕልበቴ ራደ። ከላይ ስንሄድበት ጠንካራ መስሎን የነበረው ሣር፥ በብዙ ስፍራ ከሥሩ ምንም ሳይኖረው እንደ ቤት ክዳን ጠርዝ ወደ ባሕሩ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ከበታቹም ትኵስ የወረደ ነጭ ክምር ነበረ። ልጄ አምስት ርምጃ ቀረው ያልሁት፥ ከእነዚያ ርምጃዎች ስንቱ በምድር ላይ፥ ስንቱ በባዶ ላይ እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

እኔ ያደግሁበት ገደል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በርሱ አፋፍ ላይ ብዙ ትውልድ ከብት ጠብቆበታል። ይህ ግን በጥፍር የሚፋቅ ጠመኔ ነው። ስለ አንዱ ያወቅሁትን ለሌላው በመቍጠሬ፥ ዕውቀቴ ራሱ ዐይኔን ሸፈነው። ሣር አይቶ ገደሉን ስለ ዘነጋው በሬ በአገራችን የሚነገረውን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ለበሬ የተነገረ እንጂ ለእኔ የተነገረ አይመስለኝም ነበር።

ልጅቱ ግን ምንም አልተናገረችኝም። ወረቀቷን አውጥታ ሰዓቷን አየችና ዝም ብላ ትጠብቀኝ ጀመር። ከዚያ እስከ ኢስትቦርን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል፤ ፀሐይ ሳትገባ ለመድረስ ጥቂት ጊዜ ነበረን። የቤል ቱት ግንብ በቅርብ ይታየኛል፤ ቢቺ ሄድም ከርሱ ወዲያ ነው፤ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጬ መጥቼ ሳላየው መመለስ ከበደኝ። ነገር ግን የልጄን ባዶ ራስ አየሁና፥ «ልጄ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወረቀትሽ እንዳለው ይሁን» አልኋት። እርሷም፥ «ጋሼ፥ ገደሉ ለከርሞም አለ፤ ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሽ እንደ ሆነ ነው እንጂ» ብላ ሳቀች። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሄደን ከኢስት ዲን መንደር በአውቶቡስ ኢስትቦርን ገባን፤ በባቡሩም ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቶ ሎንዶን ደረስን።

እንግዲህ ወደዚህ መንገድ ለሚሄድ ቤተ ሰብ የምመክረው ይህ ነው። ቀኑን ከማታው ጀምሮ ወደ ኋላ ይቍጠር። ቅዳሜና እሑድ ለሐዲድ ጥገና ባቡር የሚቀርበት ወይም በአውቶቡስ የሚተካበት ጊዜ ስላለ፥ በዋዜማው ይጠይቅ። ቲኬት ሲገዛም በሲፎርድ ወርዶ በኢስትቦርን እንደሚመለስ ለሻጩ ይንገር፤ ሁለቱ መንገዶች ከሉዊስ ወዲያ ይለያያሉና። የባሕሩን ሙላት ሳያይ በገደሉ ሥር በጠጠሩ አይሂድ፤ ወንዙንም በድልድይ ይሻገር። ነፋስ የሚወስደውን ነገር ከልጅ ራስ ላይ አውርዶ በከረጢት ያኑር፤ ከአፋፉም ብዙ ርምጃ ይራቅ። ከሁሉ በላይ ግን የመመለሻውን ሰዓት ከቤቱ ሳለ፥ ልቡ ሳይሞቅ ይወስን፤ ባሕሩን ካየ በኋላ የሚወስን ሰው ምንጊዜም «ጥቂት እንጨምር» ይላልና።

ያችን ወረቀት ለምኜ ወስጃት ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ ትገኛለች። ለከርሞ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ቢቺ ሄድን ለማየት እንሄዳለን፤ የቀኑን ሰዓት የሚጽፈው ግን ልጄ ነው፤ ከማታው ይጀምር ዘንድ ነግሬዋለሁ።