ሮጠው የቀሩትን አንርሳ

ወገኔ ሆይ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አስብ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይምስ ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ እዚያው ነበሩ።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው።

በሁለት ሳምንቱ፣ ሐምሌ 29፣ ናዳው እኛው ዘንድ መጣ። በወላይታ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሕፃናትን ጨምሮ ከአሥር በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። በ2008 ዓ.ም. በልግም በዚሁ በወላይታ ጎርፍና ናዳ 40 ያህል ሰው ቀጥፎ ነበር።

ለጎፋው እልቂት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። ሦስት ቀን ለአገር ይበቃ ይሆናል። ለጎረቤት አይበቃም! ከወላይታ ሶዶ እስከ ጎፋ ሳውላ በጋብቻና በገበያ የተሳሰርን ነን፤ ሙት ዓመታቸው የእኛም ነው።

ስለዚህ ተነሱ! በየዓመቱ ከሐምሌ 15 እስከ ሐምሌ 29 ያሉትን ቀናት እንያዝላቸው። እድሮች፣ ድንኳን ትከሉ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ጸልዩላቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። “ከ200 በላይ” የሚባል ሰው የለም፤ እያንዳንዱ እናቱ ያወጣችለት ስም አለው።

አንተ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተህ የምትሠራ፣ አንቺ በአረብ አገር በሰው ቤት የምትደክሚ፣ እናንተ በአሜሪካ ያላችሁ፣ ለቅሶ አልደረስንም ብላችሁ አትቆጩ። አሁን ድረሱ። በእነዚያ ቀናት ባላችሁበት ተሰብሰቡ። ያላችሁን አዋጡና አባት እናት ላጣው ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይሁን፤ ከገደል ሥር ለሚነሳው ቤተሰብ ቆርቆሮ ይሁን።

መሬቱንም እንታደግ፤ ተዳፋቱን ዛፍ እናልብሰው። የወላይታዋ ሁምቦ ሩቅ አይደለችም፤ ሄዳችሁ እዩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎች ተራራውን ከከብትና ከመጥረቢያ ከልለው፣ ከአሮጌው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ አሳደጉ። 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ መሬት ደን ለበሰ። በሁምቦ የተቻለ በኪንዶ ዲዳዬ ለምን ያቅተናል? ጉቶውን አትንቀሉ። ተዳፋቱን ከልሉ። ዛሬ ጀምሩ፤ ሥር ለመስደድ ዓመታት ይፈጃል።

ክረምቱ ግን ዓመታት አይሰጠንም። መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍ ሲያዘነብል፣ ጥርት ያለ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ካያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሌሊትም ቢሆን ውጡ። ጎረቤትን ቀስቅሱ። ለቀበሌ ደውሉ።

ናዳ ከወረደ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ አትግቡ! እባካችሁ፣ ይህን ለወጣቶቹ ደጋግማችሁ ንገሩ። መሮጣችን አይቀርም፤ ጩኸት ሰምቶ መቀመጥ አናውቅበትም። ነገር ግን ቆፋሪው ጥቂት ይሁን፤ ሌላው ራቅ ብሎ ይቁም። ከላይ ተራራውን ብቻ የሚያይ፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ፊሽካ የሚነፋ ሰው ይመደብ። ፊሽካው ሲነፋ አካፋውን ጥላችሁ ሽሹ።

የእድራችሁን ዳኛ ዛሬውኑ አነጋግራችሁ ስብሰባ አስጠሩ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ስሞቹን ማን እንደሚያነብ፣ ፊሽካው በማን እጅ እንደሚሆን ሳትወስኑ ከስብሰባው አትነሱ።