ስለ ወፎች ቀለብና ስለ ጎረቤት ሰላም

በነቀምት ከተማ በባኬ ጃማ ሠፈር፥ ጧት ጧት በጓሮው እህል እየበተነ ድንቢጥንና ዋኔን የሚቀልብ፥ በጣራውም ሥር ርግብ የሚያረባ ሰው አይታጣም። ለፍጥረት መራራት መልካም ነገር ነውና ይህን ልማድ አንነቅፍም። ነገር ግን ወፍ አጥር አያውቅም፤ በአንዱ ጓሮ በልቶ በሌላው ጣራ ላይ ይኮሳል። ከዚህም የሚነሣውን ጠብ እኛ በፍርድ ቤት የመዝገብ ሥራችን እናውቀዋለን።

የጎረቤት አቤቱታ ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው ኩሱ ነው። በወለጋ ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል የሚያጠራቅም ሰው አለ፤ ኩስ ያለበት ጣራ ግን ያንን ውሃ ያረክሰዋል። የደረቀውም ኩስ ሲጠረግ፥ ትቢያው ሳንባን የሚያሳምም ተሐዋሲ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ትርፉ እህል ነው፤ ሌሊት አይጥን ይጠራል። ሦስተኛው ፈንግል ነው፤ ርግብም ሆነ የዱር ወፍ ይህን በሽታ ወደ ዶሮ ሊያሻግር ይችላል። በእንቁላል ሽያጭ ልጆችዋን የምታሳድግ ጎረቤት ዶሮዎችዋ በጥቂት ቀን ቢያልቁባት፥ ነገሩ ለእርስዋ የጨዋታ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ርግብ የሚያረባ ሰው ይህን ያስብ። የዱር ወፍ ግን ባለቤት የለውም። ቢሆንም በቁጥር 1225 ማንም ባለሀብት በይዞታው ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ታዝዟልና፥ «ወፎቹ የእኔ አይደሉም» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ወፍ የሚወድ ሰው እህሉን ከመሬት ሳይሆን በገበታ ላይ፥ ከጎረቤት ግድግዳና ከውሃ መያዣ አርቆ ያኑር፤ ጧት በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጥ፤ ትርፉን ከመምሸቱ በፊት ያንሣ፤ ኩሱንም በውሃ አርሶ ይጥረግ። በሠፈሩ ዶሮ መታመሙን ሲሰማ፥ በሽታው እስኪያልፍ ድረስ ማብላቱን ያቁም። የተበደለውም ወገን አስቀድሞ ለብቻው ቀርቦ ይንገር እንጂ ወንጭፍና መርዝ አያንሣ፤ መርዙ ድመትንና ዶሮንም ይገድላልና። በዚህ ካልተስማሙ የአገሩ ሽማግሌዎች በጃርሱማ ያስታርቁ፤ ፍርድ ቤት የመጨረሻው ደጅ ይሁን። ክስ የረታ ሰው ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ ደርሶ የሚያጠፋለትን ጎረቤት ግን ፍርድ አይሰጠውም።