ንጹሕ አየርና የቤት መብራት

በማእድ ቤት ጢስ ዐይኗ የሚያነባ እናት፥ ጢስ ዐይንን ብቻ ሳይኾን ሳንባንም እንደሚጎዳ ታውቃለች። እሳቱን ብታጠፋው ደግሞ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። እንዲህ ያለው ጭንቀት በመንግሥታትም ላይ ይደርሳል፤ ለዚህም የእንግሊዝ አገር ታሪክ ምስክር ነው። (ዘመኑ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በ1952 ዓመት በዲሴምበር ወር የከሰል ጢስ ከጉም ጋራ ተደባልቆ ሎንዶንን 5 ቀን ሸፈናት። ከ4000 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ይልቁንም ሕፃናትና ሽማግሌዎች እጅግ ተጎዱ። ስለዚህ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ታወጀ፤ በየሰፈሩም የቤት ምድጃ ጢስ ተከለከለ። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከሰል መንደዱን አላቋረጠም።

በ2001 የአውሮፓ ኅብረት ለታላላቆቹ ማመንጫዎች ኹለት መንገድ ሰጠ። አንደኛው ከጢሱ ድኙን የሚያስቀር ማጣሪያ መግጠም ነው። ኹለተኛው ከ2008 ጀምሮ 20000 ሰዓት ብቻ ሠርቶ እስከ 2015 መጨረሻ መዘጋት ነው። ማጣሪያው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስለ ኾነ፥ የኪንግስኖርዝ ማመንጫ በ2012፥ የዲድኮት የከሰል ማመንጫም በ2013 ተዘጉ።

በዚያን ጊዜ ሰዉ «በክረምት ብርድ መብራት ሊጠፋብን ነው» ብሎ ሠጋ። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም፤ በ2012 ከአገሩ ኤሌክትሪክ ከመቶ 40 ያህሉ ከከሰል ይገኝ ነበርና። ስለዚህ ለክፉ ቀን ተዘጋጅተው ለሚቆዩ ማመንጫዎች ገንዘብ ተከፈላቸው። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ማመንጫዎችና በባሕር ላይ የተተከሉ የነፋስ መዘውሮችም የከሰሉን ቦታ ያዙ። በከሰል ላይ የተጣለው ቀረጥም መዘጋቱን አፋጠነው። ማጣሪያ የገጠመው የራትክሊፍ ማመንጫ ግን ሲሠራ ቈይቶ፥ ከኹሉ በኋላ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘጋ። በ1882 በሎንዶን የተጀመረው የከሰል መብራት ከ142 ዓመት በኋላ እንዲህ አበቃ፤ አገሩም በጨለማ አልተዋጠም።

ይህ ኹሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የአዲሱ ሥራ ወጪ በከፊል በየቤቱ የመብራት ሒሳብ ላይ ተጨመረ፤ በማመንጫዎቹ ይሠሩ የነበሩትም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወጡ።

እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጢስን የሚከለክል ሕግ ለመዘጋጃ የሚበቃ ዘመን ቢሰጥ፥ ሕፃኑም ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፤ እናቱም መብራቷን አታጣም። ጊዜ የማይሰጥ ሕግ ግን መብራቱን ያጠፋል፤ ጨርሶ ሕግ ካልወጣም የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው።