ያሸነፍነው ወንበር የት ገባ?

ወገን! ጎፋ፣ ቄራ፣ መካኒሳ፣ ጀሞ ያደግህ ወጣት፤ የሰፈርህን የታክሲ ተራ አሳምረህ ታውቃለህ። የምርጫ ክልልህንስ?

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የንፋስ ስልክ ላፍቶ እናት አባቶች እንደ መላው አዲስ አበባ ተሰልፈው መረጡ። ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ጠቀለለ።

ከዚያስ? ገሚሱ «ፓርላማ እንግባ»፣ ገሚሱ «አንግባ» ብሎ ተከፋፈለ። መሪዎቹ ታሰሩ። ከተማዋን ማንም ያልመረጠው ባለአደራ አስተዳደር ተረከባት። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ የከተማው ምክር ቤት ኢሕአዴግ እጅ ገባ። በ2002 ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአዲስ አበባ። በ2007 እሷም ሄደች።

ጥፋቱ የገዢው ብቻ ነው ብለን አንሸነጋገል። ድምፅ መስጠት ግማሽ መንገድ ነው፤ የተሰጠውን ድምፅ አንድ ሆኖ መጠበቅ ሌላው ግማሽ ነው። እኛ የወደቅነው ሁለተኛው ላይ ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ እናትህን ጠይቃት፦ «እማዬ፣ በ97 የት ተሰለፍሽ?» የምትነግርህን ጻፈው። ታሪኩን የማያውቅ ትውልድ ወንበሩን ሁለቴ ይቀማል!