ለወጣት ልጅ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባቢያን አስተያየት ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ወላጆችን ሁሉ፣ ይልቁንም በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የሚሠሩትን ባለ ደመወዞች የሚነካ ስለ ሆነ፣ ቢነበብ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም ብዬ አምናለሁ።

ለአዲስ አበባ አንባቢያን በ2011 ዓ.ም. በከተማይቱ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በፈቃድ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ የሩቅ ሊመስላቸው ይችላል። እኔ በማስተምርበት በሐዋሳና በሌሎችም የክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ሞተር ብስክሌት የወጣቱ ሁሉ ምኞት ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ 18 ዓመት ሲሞላው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አባትም ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ዕቁብ ገብቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ተበድሮ ይገዛለታል። መግዛቱን አልነቅፍም። የማሳስበው ስለ አመራረጡ ነው። ብዙ ጊዜ መራጩ አባትም ሻጭም ሳይሆን የልጁ ጓደኞች ናቸውና። እነርሱም የሚያዩት ቀለሙን፣ የድምፁን ጉልበትና የሞተሩን ትልቅነት ነው።

እንደ እኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት እንደ መማሪያ ደብተር መታየት አለበት። ስለዚህ በተማሪው ልክ መመረጥ ይገባዋል። የራስ መከላከያው ቆብና የማስተማሪያው ክፍያም ሞተሩ ከመገዛቱ አስቀድሞ ከገንዘቡ ላይ ሊነሣ ይገባል። የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አባቶቻችን ልጅ ግልቢያ ሲያስተምሩ ያልተገራ ፈረስ አላስቀመጡትም። በመጀመሪያ ሰው የለመደች በቅሎ ያቀርቡለታል፤ እርካብ መርገጥና ልጓም መያዝ ሲያውቅ ወደ ፈረሱ ይሻገራል። እኛ ግን በቅሎዋን ትተን፣ መሪ በቅጡ ላልያዘ ልጅ 200 ሲ.ሲ. የሆነ ሞተር እናስረክበዋለን። ይህ ልጁን ማክበር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም።

የፍጥነትን ነገር በሒሳብ እንመልከተው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ደግሞ 22 ሜትር። እንግዲህ ፊት ለፊቱ በግ ወይም ሕፃን ልጅ ድንገት ቢገባበት፣ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ያን ሁሉ ሜትር ሳይቀንስ አልፎታል። ይህም ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በ4 እጥፍ ይጨምራል። ትንሹም ሞተር ቢሆን 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበታሙ ሞተር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እዚያ ያደርሰዋል። ጀማሪ ደግሞ ሲደነግጥ እጁ የነዳጅ መስጫውን አጥብቆ መያዙ የታወቀ ነው። ትንሹ ሞተር ለስሕተቱ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ትልቁ አይሰጠውም።

ይህንን ሌሎች አገሮች በሕግ ደንግገውታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1961 ለተማሪ ነጂ ከ250 ሲ.ሲ. በላይ ተከለከለ። በ1971 ደግሞ የ16 ዓመት ልጆች ከ50 ሲ.ሲ. እንዳያልፉ ተወሰነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያም የተማሪው ልክ ወደ 125 ሲ.ሲ. ዝቅ ተደረገ። ሞተር ብስክሌት በመሥራት የታወቀ አገር ይህን ካደረገ፣ ትንሽ ሞተር መንዳት የሚያሳፍር ነገር አይደለም ማለት ነው። ደግሞም ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሱፐር ካብ የተባለው ሞተር ሲጀምር 50 ሲ.ሲ. ብቻ ነበረ፤ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ግን 100 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። ዓለም በብዛት የነዳው ይህን ትንሹን ነው።

አንዳንድ ወላጆች፣ «ትንሹን ብገዛለት ነገ ያንሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ከማወጣ አንድ ጊዜ ትልቁን ልግዛ» ይላሉ። ይህ የቁጠባ አሳብ ቢመስልም ኪሳራ ነው። ጀማሪ ልጅ መውደቁ አይቀርም። ትንሹ ሲወድቅ የፍሪሲዮን እጀታና መስተዋት ይሰበር ይሆናል፤ ያም በቀላሉ ይገኛል። ሕዝብ የለመደው ትንሽ ሞተር ደግሞ ከዓመት በኋላ ሊሸጡት ቢያወጡት ገዢ አያጣም።

ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሞተር ተገዝቶለት ነበር። ሲቀመጥበት መሬት የሚነካው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በዳገት መንገድ መስቀለኛው ላይ ሲቆም ሞተሩ ጠፋበት፤ እግሩ አልደርስ ብሎ ከነሞተሩ ወደ ጎን ወደቀ። ፍጥነት አልነበረም፤ የገጨውም መኪና የለም። ነገር ግን ሞተሩ የእግሩን አጥንት ሰበረውና በፈተናው ሰሞን ሐኪም ቤት ተኝቶ ከረመ። አባትዬው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ለሞተሩ የገቡበት ዕቁብ ሳያልቅ ለሕክምናው ሌላ ብድር ገቡ።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ልጁን ይዞ ይሂድ። ልጁ በኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት በደንብ መርገጣቸውን ይመልከት። የከተማ ሞተሮች የኮርቻ ከፍታ ብዙውን ጊዜ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከዚህ ይበልጣሉ። ቀጥሎም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ልጁ እየገፋ ያዙረው፤ ጎንበስ አድርጎም ያቅናው። ከ100 እስከ 130 ኪሎ የሚመዝነውን ማቅናት ያልቻለ ልጅ ከዚያ የከበደውን በመንገድ ላይ ሊገዛው አይችልም። ከ100 እስከ 125 ሲ.ሲ. ያለው ለጀማሪ ይበቃዋል፤ ሰውየው ከባድ ከሆነ ወይም አገሩ ዳገት ከበዛው 150 ቢሆን አልቃወምም። ባጃጅ ሲባል ብዙው ሰው ባለ ሦስት እግሩን ብቻ ያስባል እንጂ፣ ያው ፋብሪካ የሚሠራው ቦክሰር የተባለው ባለ ሁለት ጎማ በዚሁ ልክ የሚገኝ ነው። ዋናው ነገር ግን ከስሙ ይልቅ፣ መለዋወጫው በከተማችሁ መገኘቱና የሚጠግነው ሰው መኖሩ ነው።

ያገለገለ ሞተር መግዛት ለባለ ደመወዝ ነውር አይደለም። ሲገዙ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሰማያዊ ጢስ ካወጣ ዘይት ይበላል ማለት ነው። የጎማውን ጥርስና የካቴናውን መላላት ይዩ። በቀጥታ መንገድ ሲነዳ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ግን ቀድሞ ወድቆ የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል ቢረክስም አይግዙት። የፊቱን ፍሬን በተለይ ይመርምሩ፤ በሚቆምበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል የበለጠውን ሥራ የሚሠራ እርሱ ነው። በመጨረሻም በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

አሁን ወደ ራስ መከላከያው ቆብ፣ ሄልሜት ወደሚባለው፣ እመለሳለሁ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል 42 ከመቶ፣ በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ 69 ከመቶ እንደሚቀንስ ታውቋል። ሆኖም በመንገዳችን ላይ ቆቡን በመሪው ላይ አንጠልጥሎ ወይም በክርኑ አጥልቆ የሚነዳ ወጣት በየቀኑ ይታያል። ክርን አእምሮ የለውም። አገጭ ሥር ያልታሰረ ሄልሜትም በመጀመሪያው ግጭት ስለሚወልቅ ከባዶ ራስ አይሻልም። ለልጁ የሚገዛው በራሱ ልክ የሆነ፣ ፊቱንም የሚሸፍን፣ ያልወደቀና ያልተሰነጠቀ ይሁን። ሞተሩ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፤ ሄልሜቱ ግን አዲስ ይሁን።

ስለ ማስተማሩም እንዲሁ ነው። አጎት ወይም ጎረቤት በሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ያሳየውና «በቃ ቻለ» ይባላል። በካሊፎርኒያ ሃሪ ኸርት የተባሉ ሊቅ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው ከመረመሩ ሰዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ጥናት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከ10ሩ 9ኙ በራሳቸው ወይም ከዘመድ ወዳጅ የተማሩ መሆናቸውን ገልጧል። ደግሞም ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጩት ከ3ቱ በ2ቱ፣ ቅድሚያ ባለመስጠት ያጠፋው ባለ መኪናው እንደ ነበረ አስረድቷል፤ ብዙውን ጊዜም ሞተረኛውን አላየውም ነበር። እንግዲህ ልጁ ሞተር ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን፣ የማያየው ሰው መኖሩን ማሰብም መማር አለበት። በቀንም መብራቱን አብርቶ፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ ቢሄድ ይበጀዋል። መንጃ ፈቃዱን ሳይዝ ለአንድ ቀን እንኳ ወደ አስፋልት መውጣት የለበትም፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም የግድ ነው።

«ከነጭራሹ አለመግዛት አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ልጁ ሞተሩን የሚፈልገው ለታይታ ብቻ ከሆነ አዎን፣ ይሻላል። ሩቅ ሰፈር ሆኖ ለሚማር ወይም ከትምህርት በኋላ ቤተሰቡን በሥራ ለሚረዳ ልጅ ግን ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ብንከለክለውም ከጓደኛው ተውሶ ያለ ሄልሜት ይነዳዋል። በእኛ ፊት፣ በልኩ በተገዛ ሞተር ቢማር ይመረጣል።

ለሚመለከታቸው ባለ ሥልጣኖችም አንድ ልመና አለኝ። ለጀማሪ ነጂ የሞተር ትልቅነት ልክ ቢወሰንለት፣ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥ ነጋዴም ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር ደረጃውን የጠበቀ ሄልሜት አብሮ እንዲያስረክብ ቢታዘዝ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በትንሹ የጀመረ ልጅ ወደ ትልቁ ለመድረስ ጊዜ አለው። ወላጆች ሆይ፣ ከሚቀጥለው የዕቁብ ዕጣ በፊት የልጃችሁን ቁመት ለኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐዋሳ