ጦር የማይመክት ጥሩር

ቀን በቢሮ፣ በሐኪም ቤት ወይም በፋብሪካ ሲደክሙ ውለው፣ ማታ ማታ ከራስ ቁር እስከ ገምባሌ የተሟላ ነጭ ጥሩር በገዛ እጃቸው የሚሠሩ፣ ሠርተውም ለብሰው የታመሙ ሕፃናትን ለመጐብኘት የሚሄዱ ጐልማሶች በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሆነዋል። ጥሩሩ ሰይፍም ሆነ ጥይት አይመክትም፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ፕላስቲክ ነውና ከበር መቃን ጋራ ቢጋጭ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተቀዳውም በምድር ላይ ከነበረ ሠራዊት ሳይሆን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ለሕዝብ ከታየው «ስታር ዋርስ» ከተባለው ፊልም፣ ለጨካኝ የጠፈር መንግሥት ከሚያገለግሉት «ስቶርምትሩፐር» ከሚባሉት ልብ ወለድ ወታደሮች ነው። እንግዲህ ነገሩን ከሩቅ ያየ ሰው፣ ይልቁንም ትልቅ ሰው ከጨዋታ መራቅ አለበት በሚል ልማድ ያደገው ያገራችን ሰው፣ «ከንቱ ድካም» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እኔ ግን ሥራውን በቅርብ ከተመለከትሁ በኋላ፣ ይህ ፍርድ የተቻኰለ መሆኑን፣ ጥሩሩም ከመልኩ ይልቅ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በሚጠይቀው ጥበቃ ሊከበር የሚገባው መሆኑን ለአንባብያን ላስረዳ ወደድሁ።

አስቀድሞ አመጣጡን ማወቅ ይገባል። የነጩን ወታደር መልክ በሥዕል የነደፈው ራልፍ ማኳሪ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ የፊልሙን አልባሳት ያዘጋጀው ደግሞ ጆን ሞሎ የተባለው፣ ስለ ወታደሮች የደንብ ልብስ ታሪክ መጻሕፍት የጻፈ እንግሊዛዊ ሊቅ ነበር፤ በዚሁ ሥራውም በ1978 የኦስካርን ሽልማት ተቀብሏል። የራስ ቁሩን አምሳል ኒክ ፔምበርተን በጭቃ ከቀረጸው በኋላ፣ በለንደን በትዊክናም ሰፈር የሚሠራው አንድሩ አይንስዎርዝ በፕላስቲክ አባዛው። የፕላስቲኩ ገበታ እስኪለሰልስ ድረስ ይግልና በቅርጹ ላይ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለው አየር በመሣሪያ ሲመጠጥ ከቅርጹ ጋራ ይጣበቃል፤ ሲበርድም መልኩን ይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ የታሰበው ለቀረጻው ወራት እንዲያገለግል እንጂ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ አልነበረምና፣ ሥራው የጥድፊያ ምልክት አለበት፤ የራስ ቁሩ ቀኝና ግራ ፍጹም አንድ አይደለም፣ በጕንጩ ላይ ያሉት ሰማያዊ ሰረዞችም በእጅ የተቀቡ በመሆናቸው አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል። የዛሬዎቹ ሠሪዎች ይህን ጕድለት ሳያርሙ እንዳለ ይቀዱታል። በኮምፒዩተር አስተካክሎ ማቅናት ሲቻል የሌላውን ጠማማ መስመር መከተል ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሓፊ ከፊቱ ያለውን ቅጂ እንደ ልቡ እንደማያሻሽል ሁሉ፣ የቀደመው ሰው እጅ ያለፈበትን መንገድ አክብሮ መከተል የተማሪነት የመጀመሪያው ምግባር ነው ብዬ አምናለሁ።

በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ይህን ጥሩር ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ዕቃ ልብስ አይመስልም፤ የደረት፣ የጀርባ፣ የሆድ፣ የክንድ፣ የጭንና የቅልጥም ቅርፊቶች፣ እያንዳንዱም በዙሪያው ትርፍ ፕላስቲክ የተንዘረፈፈበት ሆኖ ይመጣል። ትርፉን ማስወገድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተቈረጠ አይመለስምና፣ ልጁ መስመሩን በእርሳስ አስምሮ፣ በሰውነቱ ላይ አስጠግቶ፣ ለክቶ፣ ደግሞም ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ በከተር ጫፍ ቀስ ብሎ ይጭረዋል፤ በዚያው ጭረት ላይ ደጋግሞ ካለፈበት በኋላ ወደ ኋላ ቢያጥፈው ፕላስቲኩ መስመሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ሁለቱን የክንድ ቅርፊቶች የሚያገናኘው ከዚያው ፕላስቲክ የተቈረጠ፣ የአውራ ጣት ስፋት የማይሞላ ጠፍር ሲሆን፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ይለጠፋል። ማስቲሹም ቶሎ የሚደርቅ አይደለም፤ ሠሪዎቹ የሚመርጡት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ የሚቈየውን፣ ደርቆም እንደ ጎማ የሚለጠጠውን ዓይነት ነው፤ ፈጥኖ የሚጠነክረው ሰውየው ሲራመድና ፕላስቲኩ ሲታጠፍ ይላቀቃልና፣ ሠሪውም ቢሳሳት ቅርፊቱን ሳይጐዳ ሊያነሣው አይችልምና። እስኪደርቅ ድረስ ብርቱ ማግኔቶች ከውስጥና ከውጭ ተጋጥመው ይይዙታል። ስለዚህ አንዲት ክንድ በአንድ ሌሊት አትጠናቀቅም፤ ሙሉው ልብስ ወራትን ይፈጃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ልኩ ነው። ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ለብሶ መራመድ እንዳቃተው፣ ያልተለካ ጥሩር ለባሹን ያስረዋል። ለወፍራሙ በጎኑ ቅጥያ ይገባለታል፤ ለአጭሩ ገምባሌው ከላይ ይቈረጥለታል፤ አልገጥም ያለው ቅርፊት ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ጥቂት ተነክሮ፣ ሲለሰልስ በእጅ ተገርቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይጸናል።

እኅቴ ከደረጃው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ስታይ ቆየችና፣ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህ አሻንጕሊት? ይህን ትዕግሥት ለትምህርትህ ብታውለው እኮ ዶክተር ትሆን ነበር» አለችው። እርሱም ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ «እማዬ፣ ትዕግሥቱንም ያገኘሁት ከዚሁ ነው» ብሎ መለሰላት። እኅቴን አልወቅሳትም፤ ንግግሯ የእርሷ ብቻ አይደለምና። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በንቀት ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን አይተው ነበር። ያ ንቀት ባሕር ተሻግሮ፣ ልጆቻችን በተወለዱበት አገር ሳይቀር፣ በእጅ የሚሠራውን ሁሉ ከትምህርት በታች አድርገን እንድናይ ያደርገናል። እኔ የማምነው ግን፣ ትዕግሥት በምክር ብዛት የማይገኝ፣ እጅ በአንድ ነገር ላይ ሲዘገይ ኅሊናም አብሮት መዘግየትን ሲለምድ የሚመጣ ሀብት መሆኑን ነው።

ወደ ጥበቃው ስመለስ፣ እዚህ ላይ ሥራው በእውነት ይከብዳል፤ ብዙዎችም የሚሰንፉት በዚህ ነው። ነጩ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ በበጋ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢተዉት ቅርጹ ሊጣመም ይችላል፤ ላብ የማሰሪያ ጠፍሩን ያበላሻል፣ እርጥበትም ጠቅ ብለው የሚገጥሙትን የብረት ቁልፎች ያዝጋል። ስለዚህ ለባሹ ከጉዞው ሲመለስ ቢደክመውም ወዲያው አይተኛም። የራስ ቁሩን ውስጥ አልኮል በነካው ጨርቅ ይወለውላል፤ እስትንፋስ የዓይን መስታወቱን በጉም እንዳይሸፍነው የሚያናፍሱትን ትንንሽ ማራገቢያዎች ይፈትሻል፤ ከሥር የሚለበሰውን ጥቁር ልብስ ያጥባል፤ እያንዳንዱንም ቅርፊት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ እርስ በርስ እንዳይፋተግ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥን ያኖረዋል።

ስንጥቅ ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ የሚያደርገው እጅግ ያስደስታል። የእኅቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከቈረጠው ትርፍ ፕላስቲክ አንዱን እንኳ አልጣለም፤ በመስታወት ማሰሮ አከማችቶታል። ከዚያ ቍራጭ ጥቂት ወስዶ በአሴቶን ውስጥ ሲያሳድረው ቀልጦ እንደ ወፍራም ገንፎ ይሆናል። ስንጥቁ ከዚያ እንዳያልፍ በጫፉ ላይ የመርፌ ያህል ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ገንፎውን ከውስጥ በኩል በጨርቅ ቍራጭ ላይ ቀብቶ ይለጥፋል፣ ከውጭም በስንጥቁ ውስጥ ይሞላዋል፤ ቀናት ቈይቶ ሲደርቅ በውሃ በተነከረ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ በመጨረሻም ይወለውለዋል። ቀለሙ የሚስማማው መድኀኒቱ ከራሱ ከጥሩሩ ሥጋ ስለ ተወሰደ ነው። አዲስ ነገር ሲመረቅ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ብዙ ነው፤ የተመረቀውን በየሳምንቱ የሚፈትሽ ግን ጥቂት ነው፤ እኛም በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን የጐደለን መሥራት ብቻ ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ዐቃቤነት መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

ይህ ጥሩር ለባሹን ከማበርታት ይልቅ ረዳት የሚያሻው ያደርገዋል። ሲለብስ ከጀርባው የሚቈልፍለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ከለበሰ በኋላ እንደ ልቡ መቀመጥ አይችልም፤ ደረጃ ሲወርድ እጁን ካልያዙት ይወድቃል፤ በዓይኖቹ ፊት ያሉት መስታወቶች ጠባብ ናቸውና እግሩ ሥር የቆመውን ሕፃን አያይም። በ1977ቱ ፊልም አንዱ ወታደር በበር ሲያልፍ ግንባሩን ከመዝጊያው ጋራ ሲያጋጭ የሚታየው ከዚሁ ጕድለት የተነሣ ይመስለኛል፤ በ2004 ፊልሙ በዲቪዲ ሲወጣም ለግጭቱ ድምፅ ተጨምሮለታል። ስለዚህ በየጉብኝቱ ተራ ልብስ የለበሰ አንድ ባልንጀራ አብሮ ይሄዳል፤ መንገድ ይመራል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ማስቲሽና ነጭ ፕላስተር በኪሱ ይይዛል። ይህን ሰው ማንም ፎቶግራፍ አያነሣውም። ለባሹም ቢሆን ፊቱ የተሸፈነ ነውና ምስጋናው ለአምሳሉ እንጂ ለስሙ አይደርስም፤ በስውር መመጽወትን ለተማርን ሰዎች ይህ ሊገባን የሚችል ክብር ነው።

ልማዱን ወደ ማኅበር ያደረሰው አልቢን ጆንሰን የተባለው የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነው። በመኪና አደጋ አንድ እግሩን ያጣው ይህ ሰው ከወዳጁ ጋራ በ1997 የመሠረተው «501ኛው ሌጌዎን» ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ከ10,000 በላይ አባላት አሉት። ወደ ማኅበሩ ለመግባት ዕድሜ 18 ዓመት መሙላት፣ ልብሱም በፎቶግራፍ ከየአቅጣጫው ተመርምሮ መጽደቅ አለበት፤ አባላቱ ለአገልግሎታቸው ዋጋ አይቀበሉም፣ የሚገኘውም ስጦታ ለበጎ አድራጎት ይውላል። የመሥራቹ ትንሽ ልጅ የአንጎል ካንሰር በያዛት ጊዜ፣ እኅቷ ሌሊት የሚጠብቃት ሮቦት እንዲኖራት አሰበች፤ ሮቦት የሚሠሩ ባለ እጆችም አሳቧን ሰምተው ሮዝ ቀለም ያለው ሮቦት አዘጋጁላት። ልጅቱ በ2005 ዐረፈች፤ ሮቦቱ ግን በስሟ ተሰይሞ ሌሎች ሕፃናትን ሲጐበኝ ኖሯል፣ በ2015 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልምም ታይቷል። ይህን የሰማ ሰው «የልጅ ጨዋታ» የሚለውን ቃል ከአፉ ከማውጣቱ በፊት ጥቂት ሊያስብ ይገባዋል። የምርመራው ጥብቅነት አንዳንድ ጊዜ በሚሊ ሜትር እስከ መከራከር መድረሱን አልክድም፤ ለሥርዐት መቅናት ወደ ፈሪሳዊነት እንዳይዞር ሽማግሌዎቻቸው ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፌታ ግን የገንዘብ ነው። የዚህ መልክ ባለቤት የሆነውን ሉካስፊልምን ዲዝኒ በ2012 ከአራት ቢልዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶታልና፣ እነዚህ ሰዎች በገዛ ወጪያቸው ለባለጠጋ ኩባንያ ያለ ደመወዝ ያስተዋውቃሉ የሚሉ አሉ። የባለቤትነቱ ነገር በፍርድ ቤትም አከራክሯል፤ አይንስዎርዝ ቅጂዎችን እየሠራ በመሸጡ ሉካስፊልም ከስሶት፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 የራስ ቁሩ ለፊልሙ ሥራ የተዘጋጀ መገልገያ እንጂ በሕጉ ቃል ቅርጻ ቅርጽ አይደለም ብሎ በይኗል። ነቀፌታው መሠረት አለው፤ ኩባንያው ከዚህ ፍቅር እንደሚጠቀም ግልጽ ነው። ሆኖም እኅቴ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለስበት የፕላስቲክ ሻንጣ በተሰነጠቀ ጊዜ፣ ልጇ ስንጥቁን ጫፉን በስቶ፣ በአሴቶን የቀለጠውን ፕላስቲክ ከውስጥ ቀብቶ ጠገነላት፤ ለዚህ እጅ ማንም ኩባንያ ባለቤት አይደለም።

እንግዲህ ልጃቸው እንዲህ ያለ ነገር ልሥራ ብሎ የጠየቃቸው ወላጆች የምድር ቤቱን አንዱን ጥግ ቢለቁለት መልካም ያደርጋሉ። ፕላስቲኩ ውድ ነውና ጀማሪው ሕፃናት በሚጫወቱበት የወለል ስፖንጅ ምንጣፍ መለካትንና መቍረጥን ቢለማመድ ይሻላል። አሴቶን ትነቱ ይጐዳል፣ በቀላሉም በእሳት ይያያዛልና መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃ ርቆ ይሠራበት፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅም አቧራው እንዳይገባበት አፍንጫውን ይሸፍን። በመጀመሪያ የሚሠራው ደግሞ የራስ ቁሩ አይሁን፣ ምንም እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ቢሆን፤ ትንሽ ናትና ብትበላሽም ኪሳራዋ የሚቻል ነውና ከክንዲቱ ይጀምር።