ጭስ የማይወጣበት ቤት አይከርምም

ላሊበላን ሊያይ የመጣ እንግዳ ዓይኑ ቁልቁል ነው። ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያደንቅ፣ አፋፉ ላይ የቆሙትን ክብ የድንጋይ ቤቶች ልብ ሳይላቸው ያልፋል። ዩኔስኮ ግን አላለፋቸውም። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ቢሆንም፣ የቅርሱን ዋጋ የሚዘረዝረው ሰነድ እነዚህን የላስታ አካባቢ ባለ ደርብ ሳር ቤቶችም አብሮ ይቆጥራል።

የጥንት ፎቅ ሲባል ብዙ ሰው የአዲስ አበባን ፒያሳ ያስባል። የላስታ ሰው ግን ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት ደርብ ሠርቶ ኖሯል። ቀዩን የአካባቢውን ድንጋይ በጭቃ እያያያዘ ግድግዳውን ያወፍራል፤ ምድር ቤቱን ለከብትና ለእህል፣ ደርቡን ለሰው ያደርጋል፤ አናቱን በሳር ይከድናል። ድንጋይ በሞላበት፣ ሜዳ በጠፋበት ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ከመንሰራፋት ወደ ላይ መውጣት ብልህነት ነው። ወፍራሙ ግድግዳ የደጋውን ብርድ ይመክታል፤ ክብነቱም ነፋስ የሚመታው ማዕዘን አይተውም።

እነዚህ ቤቶች ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ሰው። ምድጃ ሲነድ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እያለፈ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዝና ምስጥ ያርቃል። እሳቱ ሲጠፋ ሳሩ ይበሰብሳል። አንድ ቦታ ያፈሰሰ ክዳን በወቅቱ ካልተጠገነ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይገባና ጭቃውን አጥቦ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የሚይዘው የለም። ዘመናት የቆመ ቤት ባዶውን በቀረ በጥቂት ክረምት ይናዳል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የቱሪዝም ልማት ሥራ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ አዲስ ሰፈር ተዛወሩ፤ የድንጋይ ቤቶቹ ግን ባዶ ቀሩ። ያለ ምክንያት ነበር አልልም። መጨናነቁና ፍሳሹ ለቅርሱ ስጋት ነበር። ሆኖም ቤቱን አስቀርቶ ነዋሪውን ማስወጣት ቅርስ ማዳን ነው ብዬ አላምንም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ቤቱም ሰፈርተኛውም አብረው ሄዱ። በላሊበላ ሰው ሄዶ ቤት ቀረ፤ ነገር ግን ሰው የሌለው የላስታ ቤት የሚፈርስበት ቀን ዘገየለት እንጂ አልተረፈም።

ፓሪስን ተመልከቱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማዋን ባሳደሰው በባሮን ኦስማን ዘመን የተሠሩት የድንጋይ ፎቆች ዛሬም ውበታቸውን የጠበቁት ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ ሆኖ ስለቀጠለ ነው። ኪራይ የሚከፍል ሰው ስላለ ጣሪያው ይጠገናል።

እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። በመጀመሪያ፣ የቆሙት ቤቶች ነዋሪ ያግኙ። ለአብነት ተማሪ ማደሪያ፣ ለመስቀል ሠሪና ለሸማኔ መሥሪያ፣ ለገና ተሳላሚ ማረፊያ ይሁኑ፤ መጸዳጃና ፍሳሻቸው ከቅርሱ ርቆ በሥርዓት ይሠራ። ሁለተኛ፣ ጎብኚ ከሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ላይ ለክዳን የሚሆን ድርሻ በየዓመቱ ይመደብ። ቆርቆሮ አንዴ ተመትቶ ለዓመታት የሚረሳ ነው፤ ሳር ግን ዘወትር እጅና ገንዘብ ስለሚፈልግ ድሃ ባለቤት ብቻውን አይችለውም። ሦስተኛ፣ ሳር መክደን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ወጣቶች ከጎናቸው ሆነው ይማሩ፤ ደመወዝም ይቆረጥላቸው።

ይህ ሥራ የእንግዳን መመለስ መጠበቅ የለበትም። ኮቪድና የሰሜኑ ጦርነት የከተማዋን ገቢ እንዴት እንዳደረቁት አይተናል፤ ክረምት ግን ገቢ ኖረም አልኖረም በሰኔ ይገባል። የከተማው አስተዳደር፣ ቤተ ክርስቲያኗና የቅርስ ባለሥልጣኑ ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ተቀምጠው የትኛው ቤት ለማን እንደሚሰጥ ይወስኑ።